አንድ ዳስ፣ ሁለት ሙሽራ

ስለ ልብ ወለድ መጨረሻ ምክር የሚሰጠኝ ወንድ ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ይህ አመል የያዘኝ አርብ ገበያ ከተማ አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ አልነበርኩም። የእስቴ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁትም የተማርኩትም መካነ ኢየሱስ ነው። ቤታችን ውስጥ አባቴ ሲናገር ዓይናችንን መሬት ላይ ተክለን የምንሰማ ልጆች ነበርን። መናደድን የተማርኩት ደሞዝ እየበላሁ ነው።

የማስተምረው አማርኛ ነበር። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ የሥነ ጽሑፍ ክበቡን ጣሉብኝ። «ሴት ስለሆንሽ ልጆቹ ይቀርቡሻል» አሉኝ። እውነቱ ሌላ ነው፤ ሁሉም አልፈልግም ብሎ የሸሸው ሥራ ነው። የምንሰበሰበው ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። ዓርብ እንዳናደርገው የገበያ ቀን ነው፣ ተማሪው ግማሹ ከአባቱ አህያ ኋላ ይውላል። ሐሙስ እንዳናደርገው ኳስ አለ፤ ኳስ ካለ ደግሞ ማን ግጥም ይሰማል!

ልጅቷ ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ናት። አገሯ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ወደ አባቷ ቤት ትወርድና እሑድ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። እናቷ ሞታለች። ስንቁን የምታሰናዳላት ታላቅ እህቷ ናት፤ ድርቆሹን፣ ሽሮውን፣ ቆሎውን። ቆሎው የባቄላና የገብስ ነው፣ ክበቡ ሲሰበሰብ እያዞረች ታበላናለች። ቀጭን ልጅ ናት፤ ምላሷ ግን እንደ ወስፌ ይወጋል።

አንድ ማክሰኞ ተነሣችና «ገና ስላልመጣ ዘመን ነው የጻፍኩት» ብላ አነበበችልን።

የጻፈችው አገር መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው። ሰዉ ሁሉ ስልክ አለው፤ ዝናቡ እንኳ ቁልፍ ሲጫኑት ነው የሚወርደው። ይሁንና በዚያ አገር የሴት ልጅ ጥላ ይለካል። እኛ ዘንድ ቄሶቹ በጾም የቅዳሴው ሰዓት መድረሱን ለማወቅ ፀሐይ ላይ ቆመው የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው ጫማ ይለካሉ፤ ልጅቷ የወሰደችው እሱን ነው። በእሷ አገር ለካዮች የሚባሉ ወንዶች አሉ። በዓመት አንድ ቀን ሴቶቹን ልጆች ሜዳ ላይ ያሰልፋሉ። ጥላዋ ሰባት ጫማ የሞላ ልጅ «ደርሳለች» ትባልና ለአንዱ ወንድ ትሰጣለች። ከዚያ ወዲያ ስልክ አትይዝም፣ ደብተር አትገልጥም፣ ያለ ፈቃድ ደጅ አትወጣም። ለካዮቹ ታዲያ የሚመጡት ሁልጊዜ ወደ ማታ ነው፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ። ያን ሰዓት የሕፃን ጥላ እንኳ ሜዳውን ያቋርጣል። ነገሩ የገባት አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ተራዋ ሲደርስ «ለምን በቀትር አትለኩንም?» ትላቸዋለች። ለካዮቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። «በቀትርማ ማን ይደርሳል!» ይሏታል። እዚያው ላይ ያልቃል፤ መጨረሻው ሳቃቸው ነው።

ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ልጆች እንኳ መንጫጫቱን ተዉት። እኔ ደስታዬም ቅናቴም ተደባልቆብኝ «ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ከየትም አላመጣሁት ቲቸር። ሰፈራችን ውስጥ እከሊት ደርሳለች፣ እከሊት ደርሳለች ሲሉ እሰማለሁ። በምን ለክተው እንደሆነ ግን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ» አለችኝ።

የወላጆች ቀን ሊከበር ነበርና ይህ ሥራ መድረክ ላይ መነበብ አለበት አልኩ። አልኩ እንጂ! የዝግጅት ኮሚቴ የሚባል ነገር አለ። ከእኔ በቀር ሁሉም ወንድ ነው፣ ሰብሳቢው ደግሞ ምክትል ርዕሰ መምህሩ። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና «ግሩም ነው» አለ። «ግሩም! የየትኛው አገር ታሪክ ነው ግን?»

«ያልመጣ አገር ነው» አልኩት።

«ኧረ እንዳያመጣው! እኛ አገር ያላደረገብን እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሌሎቹም «ይመስገን» አሉ። አንደኛው ከእነሱ መካከል የራሱን ሚስት ከስድስተኛ ክፍል አስወጥቶ ነው ያገባት፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እሱም «ይመስገን» አለ።

«አንድ ችግር ብቻ አለበት» አለ ምክትሉ። «መጨረሻው ተስፋ ያስቆርጣል። ወላጅ ሥራውን ፈትቶ፣ አህያውን አስሮ መጥቶ፣ አዝኖ ይሂድ? አንድ በጎ ወጣት ይግባበት። መጥቶ ያድናት።»

«እንዴት አድርጎ ነው የሚያድናት?»

«ያገባታላ!»

እግዚኦ! ጆሮዬን አላመንኩም። «ጋሼ፣ ታሪኩ እኮ ልጅቷን ለባል እንዳይሰጧት ነው» አልኩት።

«ለክፉ ባል ነዋ! ይኼኛው በጎ ነው።»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አልኩ፣ አንጀቴ እያረረ። ሁሉም ሳቁ። የተጫወትኩ መሰላቸው። ምክትሉም እየሳቀ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ስብሰባውን ዘጋው። ተከራከርኩ፣ ቢሮው ድረስ ተከትዬ ሄድኩ፣ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ወጣሁ፤ ወይ ፍንክች! በጎ ወጣት ካልገባበት አይነበብም ተባለ።

ልጅቷን ጠርቼ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ከት ብላ ሳቀች። «ምን ቸገረኝ ቲቸር፣ አጋባታለሁ። ግድ ከሆነ እንዲያውም አሳምሬ ነው የማጋባት» አለች። በማግስቱ ጽፋ አመጣች። ወጣቱ መልከ መልካም ነው፣ ጥርሱ ነጭ ነው፣ እናቱን ያከብራል፣ ሞተር ብስክሌት አለው። ጀንበር ሳትጠልቅ በሞተሩ ከች ይልና ልጅቷን ከሰልፉ መካከል አፈናጥጦ ይበራል። እሷ ያሾፈችው ነው። እኔና እሷ ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ፌዙ እንዳይታወቅ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ኮሚቴው ግን አንድም ሰው ሳይጠረጥር «አሁን ሥራ ሆነ» ብሎ አሳለፈው።

የወላጆች ቀን አባቷ መጣ። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ጉልበቱ መካከል ተክሎ ከፊት ተቀመጠ። ረጅም፣ ፊቱ በፀሐይ የከሰለ ገበሬ ነው፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሌላ ሚስት አላገባም፣ «የእንጀራ እናት አላመጣባቸውም» ብሎ። ልጆቹን ይወዳል። ይህን የምለው ለይስሙላ አይደለም፤ መዋደዱ ነው መከራውን ያመጣው።

ልጅቷ ማንበብ ስትጀምር አንገቱን አስግጎ ይሰማት ነበር። ለካዮቹ በሳቁ ጊዜ ከመቀመጫው ብድግ አለና «እንዲህ ያለ አገር እሳት ይብላው!» ብሎ ጮኸ። «እንዲህ ያለ አባትም አይብቀል!» ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ዕንባዬ መጣ። ይኸው፣ ኮሚቴው ባይረዳኝ ገበሬው ተረዳኝ አልኩ። ከዚያ ሞተሩ መጣ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ ተነሥተው አጨበጨቡ፣ አባትየው ጋቢውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ተንሰቀሰቀ። ሲያበቃ ወደኔ መጥቶ ሁለት እጄን ያዘ። «ልጄን ሰው አደረግሽልኝ መምህሯ። ውለጂ፣ ክበጂ» አለኝ። ባል እንኳ አልነበረኝም፤ ግን አሜን አልኩ።

ጥምቀት አለፈ። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ አገሩ ሁሉ ሰርግ ነው፤ ተማሪም መምህርም ከክፍል ይጠፋል። ልጅቷ አንድ ሰኞ ሳትመጣ ቀረች። አብረዋት የሚኖሩትን ብጠይቅ «የታላቅ እህቷ ሰርግ ነው፣ ለሥራ ቀርታለች» አሉኝ። እሺ፣ የእህት ሰርግ ነው፣ ምን ይባላል? ሁለተኛው ሰኞም ሳትመጣ ቀረች።

ዓርብ ዕለት ገበያ ወጣሁ። አባቷን እህል ተራ አገኘሁት፤ ገብሱን ሸጦ የሰርግ በርበሬ ሊገዛ ነው። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«መምህሯ! ቤትሽ ድረስ ልመጣ ስል! እንግዲህ ሳትቀሪ፤ በሚመጣው እሑድ የልጆቼ ሰርግ ነው።»

«የልጆቼ?» አልኩት።

«የታላቋም የታናሿም ነዋ። አንድ ዳስ ከተጣለ፣ አንድ በሬ ከወደቀ፣ ጠላው አንድ ጊዜ ከተጠመቀ፣ ለሁለት አይበቃም? ለታናሿ ሌላ ዓመት ሌላ ድግስ ከየት አመጣለሁ?»

ይህ በኛ አገር ያለ ነው። ታላቋ ስታገባ ታናሿን አብሮ መዳር እንደ ብልኀት ይቆጠራል። አውቀዋለሁ። «አባቴ፣ ምን ነካዎት? የወላጆች ቀን ተነሥተው የተራገሙት ማን ነው? እሳት ይብላው ያሉት ማን ነው?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበርና የጨርቅ ነጋዴዎቹ ሳይቀሩ ዞር ዞር ብለው አዩን።

አልተቆጣኝም። ይልቁንም አዘነልኝ፤ ግራ የተጋባ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዴ መምህሯ፣ አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ? ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እንዲያ ያለ ክፉ ሰው ሳይቀድመኝ በጎ ልጅ ልፈልግላት አልኩ። አውጥቼ አውርጄ አገኘሁላት። ጨዋ ልጅ ነው፣ እናቱን ያከብራል።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ሞተርም አለው።»

ምን ትሉታላችሁ እንዲህ ያለውን ሰው? ብሰድበው አይገባውም፣ ባለቅስለት ደስ ብሏት ነው ይላል።

በቀጥታ የሄድኩት የሴቶችን ጉዳይ ወደሚያየው ቢሮ ነው። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ወጣት አንገቱን ሳያነሣ ስልኩን እየነካካ ሰማኝ። «እነሱ ሕጋዊ ናቸው» አለኝ። «ሁለቱም ሙሽሮች ጤና ጣቢያ ቀርበው ዕድሜያቸው ታይቷል። ሁለቱም አሥራ ዘጠኝ ናቸው።»

«ሁለቱም? መንታ ናቸው እንዴ?»

«እንጃ። ይመሳሰላሉ አሉ» አለኝ።

ይመሳሰላሉ! ለነገሩ አንዷን ሁለት ጊዜ ካየሃት ለምን አይመሳሰሉ! ታናሿ አሥራ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላትም አልኩት። ጥቆማ አቅርቢ አለኝ። ይኸው አቀረብኩ አልኩት። መኪናው ነዳጅ የለውም አለኝ። በእግር እንሂድ አልኩት። ሳቀብኝ፤ «ቲቸር፣ አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ» አለኝ። ይቺን ቃል ስንት ወንድ እንደነገረኝ! ከሰዓትም ተመልሼ ሄድኩ፣ ተዘግቶ አገኘሁት። ሰርግ ሄዷል ተባልኩ።

እሑድ ጠዋት ራሴ ተነሣሁ። እኩሌታውን በሚኒባስ፣ የቀረውን በእግሬ። ዳገቱ አያልቅም፤ ገለባው ተነሥቶ ማሳው ራቁቱን ነው፣ አቧራው ዓይን ያጠፋል። ጫማዬ የከተማ ጫማ ነውና ተረከዜ ተላጠ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ሰርጉ ቤት ነሽ? እንኳን ደስ አለሽ» ይለኛል። አዎ እላለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ።

ዳሱ አውድማው ላይ ነው የተጣለው፤ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። አባትየው ከሩቅ ሲያየኝ እየሮጠ መጣና ጉልበቴን ሊስም ምንም አልቀረው። «መምህሯ በእግሯ! መምህሯ በእግሯ መጣች!» እያለ ለሰዉ ያሳያል። ከሽማግሌዎቹ አጠገብ አስቀመጠኝ፤ ከጎኔ የቤቱ የንስሐ አባት መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጠላ ቀረበልኝ። አልጠጣሁም።

«አባቴ፣ ልጅቷ አትፈልግም» አልኩት።

«ማን አለ?»

«ከጓዳ ለቅሶዋ ይሰማ የለም?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። «ሙሽራ ካላለቀሰች ምኑን ሙሽራ ሆነች!» አለ አንዱ። «የምትስቅ ሙሽራ አይተሽ ታውቂያለሽ? አባቷን የማትወድ ትባላለች።»

«አልፈልግም ብላ ነው እኮ የምታለቅስ!»

«ሁሉም እንደዚያው ብላ ነው የምታለቅስ፣ ልጄ» አሉኝ ቄሱ፣ በለሆሳስ፣ እንደማጽናናት።

ይኸውላችሁ! ብታለቅስ ወግ ነው፤ ዝም ብትል ተስማምታለች፤ ብትስቅ ባለጌ ናት። አንዲት ልጅ በምን ቋንቋ እንቢ ልትል ነው? ሕጉን አነሣሁ። «ሕጉንማ እናውቃለን፣ ጤና ጣቢያው አይቷታል» አሉ። ትምህርቷን አነሣሁ። «ባሏ ያስተምራታል» አሉ። የታናሿ ሙሽራ ገና ከሰዓት በኋላ ነው የሚደርሰው፣ ሲመጣ ራሴ ልንገረው አልኩ። ያኔ አባትየው ፊቱ ጠቆረ። «መምህሯ፣ አክብሬሻለሁ፤ ቤቴን አታዋርጂ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ብናገር ዱላ ባይነሣብኝ እንኳ እጄን ይዘው እንደሚያስወጡኝ ገባኝ።

ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሁለቱ ሙሽሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ነጭ ተሸፋፍነው፣ አክስቶቻቸው ከበዋቸው። ታናሿ ድምፄን ስትሰማ መሸፈኛዋን ገለጠችው። ዓይኗ አብጧል።

«ቲቸር» አለችኝ፣ «ሞተሩን ባልጨምርበት ኖሮ።» ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ ጣለችው። ምን ልበላት? «አይዞሽ» አልኩ። ምናባቱ አይዞሽ ያደርግላታል! በጀርባ በር ይዣት ልውጣ ብዬ እንኳ አሰብኩ፤ በጀርባ በር ወጥ የሚያወጡ ሴቶች ሞልተዋል።

ያን ጊዜ የታላቋ ባልና ሚዜዎቹ ደረሱ። ጭፈራው፣ እልልታው፣ ከበሮው ዳሱን አናወጠው። ገብተው፣ በልተው፣ ጠጥተው፣ ቃለ መሐላውም በባልየውና በአባትየው መካከል ሆኖ፣ ሙሽራዋን አምጡ ተባለ። አክስቶቿ ሊያስነሷት እጇን ያዙ።

«አልነሣም» አለች ታላቋ።

እስከዚያ ሰዓት አንዲት ቃል ስትተነፍስ አልሰማኋትም ነበር። «ወይኔ፣ ሙሽራ አይናገርም!» አለች አንዷ አክስት አፏን ይዛ። ታላቋ መሸፈኛዋን ሳትገልጥ ደገመችው። «አልነሣም። አባቴን ጥሩልኝ። አባንም ጥሩልኝ።»

አባትየው ላብ በላብ ሆኖ ገባ፣ ቄሱ ከኋላው። ውጭ «ሙሽራዬ ሙሽራዬ» ይባላል።

«አባ» አለች ታላቋ፣ «በሐሰት ቆሜያለሁና ንስሐዬን ስሙኝ። ጤና ጣቢያ የሄድኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ በራሴ ስም፣ አንድ ጊዜ ሻሽ ቀይሬ በእሷ ስም። ሂጂ ተብዬ ሄድኩ። ይቺ ልጅ አልደረሰችም፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፣ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እሷ ዛሬ የምትዳር ከሆነ እኔ ከዚህ አልነሣም። ውጭ ያሉትን ስደዷቸው።»

«አንቺ ልጅ፣ ልታዋርጂኝ ነው?» አለ አባትየው። ውጭ ያሉት አማቾች ትልቅ ሰዎች ናቸው፣ ጥሎሹም ገብቷል፣ አገር ሙሉ ሰው አውድማው ላይ ተቀምጧል። ታላቋ ካልተነሣች ቤቱ ለዘላለም መተረቻ ይሆናል። እሷም ይህን አሳምራ ታውቀዋለች።

«ላዋርድዎ አልፈልግም። ታናሿ ትቅር፣ እኔ እሄዳለሁ። በቃልዎ ግን አላምንም፤ አባ ይገዝቱልኝ።»

ግዝት! እዚያ ቤት ውስጥ መብራት የጠፋ መሰለ። በኛ አገር ከግዝት በላይ ምን አለ? ፖሊስ ይታለፋል፣ ዳኛ ይለመናል፣ ቢሮውም ሰርግ ይሄዳል። ቄስ የገዘተውን ግን የሚደፍር የለም። ቄሱ አባትየውን አዩት፣ አባትየው መሬቱን አየ። ልጅቷ በሐሰት ቆሜያለሁ ብላ ከተናዘዘች በኋላ እሳቸውም ያን ሰርግ ቢባርኩ በራሳቸው ላይ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና መስቀላቸውን አነሡ።

«ትምህርቷን ሳትጨርስ—»

«ራሷም እፈልጋለሁ ሳትል» አለች ታላቋ ከመሸፈኛዋ ሥር።

«—ራሷም እፈልጋለሁ ሳትል፣ ለባል የሚሰጣት፣ የሚያሰጣት፣ በምክር የሚተባበር፣ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተገዘተ ይሁን።»

«አሜን በሉ» አለች። አባትየው አሜን አለ። አክስቶቹም አሜን አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች የሞተሩን ባለቤት መንገድ ላይ አግኝተው ይቅርታ እንዲጠይቁና ጥሎሹን እንዲመልሱ ተላኩ። አልተጎዳም፤ ጾም ሳይገባ ሌላ ቤት ዳስ ተጣለለት ሲሉ ሰምቻለሁ። አይ አገሬ!

ታናሿ የሙሽራ ልብሷን እዚያው እያወለቀች፣ እያለቀሰች፣ እየሳቀች ነበር። እኔማ ክንፍ አወጣሁ። ስንት ቀን ስጮኽ፣ ስንት ቢሮ ሳንኳኳ፣ በየወንዱ ፊት ስቃጠል የኖርኩት ነገር በአንዲት ሙሽራ አፍ አለቀ። ሄጄ ታላቋ እግር ሥር ተንበረከክሁና እጇን ያዝኩት። እጇ ሻካራ ነው፣ በእንሶስላ ቀልቷል፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ የኔ እህት» አልኳት። «አዳንሻት እኮ! እንዴት ያለሽ ጀግና ነሽ!»

ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ሊያነሱ ጓዳው በር ላይ ደርሰዋል፤ ጭፈራው ቤቱን ሞልቶታል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። መሸፈኛው ውስጥ ትንፋሿ ሲፈጥን ይሰማኛል።

«እትዬ፣ አንቺ ከውጭ ነው የገባሽ» አለችኝ። «አይተሽዋል? የኔውን? ሽማግሌ ነው?»

ዳሱ ውስጥ ተቀምጬ ከሽማግሌ ጋር ስጨቃጨቅ፣ ጓዳ ገብቼ ታናሿን አቅፌ ሳባብል፣ የታላቋ ባል ማን እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም። ወጥቼ ልይልሽ ልላት አፌን ስከፍት ሚዜዎቹ አነሷት።